ዋና ሲዋኙ ቶሎ የሚደክሙት ለምንድን ነው? ለአዋቂ ጀማሪዎች የአተነፋፈስ፣ የስልትና የልምምድ ምክር

ጉልበቱን ለሚያመው፣ ወገቡን ለሚቆረጥመው፣ ክብደት ለጨመረ ወይም ደም ግፊት ላለበት ሰው ሐኪም ከሚሰጣቸው ምክሮች አንዱ «ዋና ይዋኙ» የሚል ነው። ምክሩ ትክክል ነው። ውኃ ሰውነትን ስለሚሸከም፣ እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ የቆመ ሰው እግሮቹ ላይ የሚያርፈው ክብደት በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ እስከ አንገቱ ከገባ ደግሞ አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ይቀራል። ደረጃ መውጣት ያቃተው ጉልበት ውኃ ውስጥ እንደልብ የሚንቀሳቀሰው ለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ ምክሩን ሰምተው ከሄዱት ብዙዎቹ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክረው ይተዉታል። ምክንያታቸው ሲጠየቅ መልሱ ተመሳሳይ ነው፦ አንድ ጊዜ ተሻግሬ ትንፋሼ ቁርጥ ይላል፤ ትከሻዬን አመመኝ፤ ዕድሜዬ ሄዷል፣ ለእኔ አይሆንም። በእኔ አመለካከት «ዋኙ» ብሎ እንዴት እንደሚዋኝ አለመንገር መድኃኒት ጽፎ አወሳሰዱን እንዳለመንገር ነው። በየቀኑ አንድ ሰዓት በእግሩ የሚሄድ ሰው 25 ሜትር ዋኝቶ ቁና ቁና የሚተነፍስ ከሆነ፣ በአብዛኛው የጎደለው የልብ ወይም የሳምባ አቅም ሳይሆን ስልት ነው። ስልት ደግሞ በሃምሳም በስድሳም ዓመት ይለመዳል።

(በዋና ጊዜ የደረት መጨምደድ፣ ማዞር፣ ወይም ካረፉም በኋላ የማይመለስ የትንፋሽ ማጠር ካለ ግን የስልት ጉዳይ ነው ብለው አይለፉት። ከውኃው ይውጡና ይመርመሩ።)

ትንፋሽን መያዝ ያደክማል

ጀማሪ ፊቱን ውኃ ውስጥ ሲነክር አፉን ጥርቅም አድርጎ ትንፋሹን ይይዛል። ቀና በሚልባት አጭር ቅጽበት የያዘውን አየር ማስወጣትም፣ አዲስ አየር መሳብም ይጠበቅበታል። ሁለቱም አይደርሱለትም። ስለዚህ በየዙሩ የሚስበው አየር እያነሰ፣ ሰውነቱ ውስጥ የሚቀረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየበዛ ይሄዳል። የመታፈን ስሜት የሚፈጠረው በዋነኛነት ኦክስጅን በማለቁ ሳይሆን ይህ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በመጠራቀሙ ነው። ሰውየው «አየር አጠረኝ» ብሎ ይደነግጣል፤ ድንጋጤው ደግሞ ጡንቻውን ያደርቀዋል፣ እግሩን ያሰምጠዋል፣ ልቡን ያስሮጠዋል።

የለመደ ዋናተኛ ፊቱ ውኃ ውስጥ ባለበት ጊዜ ሁሉ በአፍንጫውና በአፉ ቀስ እያለ አየር ያስወጣል። አረፋው አይቋረጥም። ፊቱን ወደ ጎን ሲያዞር የሚቀረው ሥራ መሳብ ብቻ ነው።

ይህን ለመልመድ መዋኘት አያስፈልግም። ደረትዎ በሚደርስ ውኃ ውስጥ ቆመው የገንዳውን ጠርዝ ይያዙ። አየር ይሳቡና ፊትዎን ነክረው፣ ሻማ ለማጥፋት ሳይሆን ትኩስ ሻይ ለማብረድ እንደሚነፍሱት በዝግታ ይንፉ። አራት ወይም አምስት ሲቆጥሩ ፊትዎን ወደ ጎን አዙረው ይሳቡና መልሰው ይንከሩ። ሲያዞሩ ጭንቅላትዎን ወደ ላይ አያንሱ፤ አንዱ ጆሮ ውኃው ላይ እንደተኛ ይቅር። ይህን ሳይጨነቁ ሃያ ጊዜ ማከታተል እስኪችሉ ድረስ ስለ እጅና እግር ባይጨነቁ እመክራለሁ። ለአንዳንድ ሰው አንድ ቀን ይበቃዋል፤ ልጅ ሳለ «ወንዝ እንዳትሄድ» እየተባለ ላደገና ፊቱን ውኃ ሲነካው ለሚደነግጥ ሰው ሁለት ሦስት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። የዋና መነጽር ማድረግ ፍርሃቱን በጣም ያቀለዋል።

አዲስ አበባ ለሚዋኝ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ዱባይ ወይም ዋሽንግተን አንድ ሺህ ሜትር ያለ ችግር ሲዋኝ የኖረ ሰው ለዕረፍት መጥቶ የሆቴል ገንዳ ውስጥ ቢደክመው ሊገርመው አይገባም። በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ሳምንታት ርቀቱን መቀነስና በየመሃሉ ረዘም አድርጎ ማረፍ ይኖርበታል።

ስለ ትንፋሽ ከተነሣ፣ በተለይ ወጣቶች ያሉበት ቤተሰብ ሊያውቀው የሚገባ አደጋ አለ። ከመጥለቃቸው በፊት በፍጥነትና በጥልቀት ደጋግመው የሚተነፍሱ፣ ከዚያም «ማን ብዙ ይቆያል» እያሉ ውኃ ውስጥ የሚወዳደሩ ልጆች አሉ። ደጋግሞ መተንፈሱ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን እምብዛም አይጨምረውም፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ግን ይቀንሰዋል። «ውጣና ተንፍስ» የሚለው የሰውነት ደወል የሚደወለው በካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሆነ ደወሉ ይዘገያል። በዚህ መካከል ኦክስጅኑ ያልቅና ልጁ ምንም የመታፈን ስሜት ሳይሰማው ውኃ ውስጥ ራሱን ይስታል። ይህ የሚደርሰው ጥልቀት በሌለው ገንዳም ነው፤ ጎበዝ ዋናተኛም ላይ ይደርሳል። ትንፋሽ የመያዝ ውድድር በጨዋታም ሆነ በልምምድ ስም አይፈቀድ።

የሰውነት አቀማመጥ

ሳምባ አየር ስለያዘ ደረት ይንሳፈፋል፤ እግር ግን ጡንቻና አጥንት ስለሚበዛው ወደ ታች ይሄዳል። ጭንቅላት በተነሣ ቁጥር ደግሞ ዳሌ ይወርዳል። የውኃ እፍጋት ከአየር 800 እጥፍ ያህል ነው፤ ስለዚህ ሰያፍ ሆኖ፣ እግሩን እየጎተተ የሚዋኝ ሰው ግድግዳ እየገፋ እንደሚሄድ ይቁጠሩት። አብዛኛው ጉልበቱ የሚያልቀው ወደፊት ለመሄድ ሳይሆን ላለመስጠም ነው።

ልዩነቱን በራስዎ ሰውነት ይሞክሩት። የገንዳውን ግድግዳ በእግርዎ ገፍተው፣ እጆችዎን ወደፊት ዘርግተው፣ የገንዳውን ወለል እየተመለከቱ ሳይንቀሳቀሱ ይንሸራተቱ። የት እንደደረሱ ያስተውሉ። ከዚያ ፊት ለፊት እየተመለከቱ ይድገሙት። ሁለተኛው በጣም ያጥራል። አንገት ከአከርካሪ ጋር በአንድ መስመር ሆኖ ዓይን ወደ ታች ሲያይ እግር በራሱ ይነሣል።

እግር የሚመታው ከዳሌ ተነሥቶ ነው፤ ጉልበት በጥቂቱ ይተጠፋል፣ ቁርጭምጭሚት ይላላል። ብስክሌት እንደሚነዳ ሰው ጉልበቱን ወደ ሆዱ እየሳበ የሚመታ ሰው ብዙ ውኃ ይረጫል እንጂ አይሄድም። ትልልቅ የጭን ጡንቻዎች ኦክስጅን በብዛት ስለሚጠቀሙ እግርን በኃይል መምታት ትንፋሽን ቶሎ ይጨርሳል። ለጤናው ለሚዋኝ ሰው የእግር ሥራ ሚዛን መጠበቅ ቢሆን ይበቃል።

የትከሻ ሕመም

ዋና ከጀመሩ በኋላ ወደ ሐኪም ከሚያመጡ ችግሮች ዋነኛው ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንየው። ክንድን የሚያነሡትና የሚያዞሩት የትከሻ ጅማቶች የሚያልፉት ከላይ ባለው የአጥንት ጫፍ ሥር፣ በጠባብ ቦታ ውስጥ ነው። ፍሪስታይል የሚዋኝ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ እጁን ከራሱ በላይ ከአንድ ሺህ ጊዜ በላይ ሊያመላልስ ይችላል። አመጣጡ ከተበላሸ በየአንዳንዱ ዙር ጅማቱ ይጨመቃል፤ ሲደጋገም ይቆጣል።

በብዛት የማያቸው ጥፋቶች ሦስት ናቸው። አንደኛው፣ እጅ ውኃ ውስጥ ሲገባ የጭንቅላትን መስመር አልፎ ወደ ሌላው ወገን መሻገሩ ነው። ቀኝ እጅ በቀኝ ትከሻ ፊት ለፊት፣ ግራውም በግራ ትከሻ ፊት ለፊት መግባት አለበት። ሁለተኛው መዳፍን ወደ ውጭ አዙሮ በአውራ ጣት መግባት ነው፤ ይህ ክንድን ወደ ውስጥ ያጣምመውና ቦታውን ያጠበዋል። መዳፍ ወደ ታች እያየ የጣቶች ጫፍ ይቅደም። ሦስተኛው ሰውነትን እንደ ጣውላ ደረቅ አድርጎ በእጅ ብቻ መቅዘፍ ነው። ሰውነት በየቀዘፋው ከትከሻ እስከ ዳሌ አብሮ ወደ ጎን ዘንበል ሲል ክንዱ ሳይጨነቅ ይነሣል፤ የጀርባ ትልልቅ ጡንቻዎችም ሥራውን ይጋራሉ።

ከስልቱ ባላነሰ የሚጎዳው ችኮላ ነው። ለወራት ሳይንቀሳቀስ የቆየ ሰው በአንድ ሳምንት አምስት ቀን ሲዋኝ ሳምባው ቢችልም ጅማቱ አይችልም። ጅማት ከጡንቻ ይልቅ በዝግታ ነው የሚጠነክረው። እጅ ላይ የሚታሰረው የፕላስቲክ መቅዘፊያም ትከሻ ላይ ጫና ስለሚጨምር ለጀማሪ አልመክረውም።

የድካም ሕመምና የጅማት ሕመም ይለያያሉ። ድካም ከሆነ ሁለቱንም ትከሻና ጀርባ በስፋት ይሰማል፤ በሁለት ሦስት ቀን ይጠፋል። የጅማት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የአንዱን ትከሻ ፊት ወይም ጎን ለይቶ ያማል፤ እጅ ወደ ላይ ሲነሣ ይብሳል፤ ማታ በዚያ ጎን ሲተኙ ይቀሰቅሳል። ሁለተኛው ዓይነት ከሆነ ማስታገሻ ውጦ መዋኘት ጉዳቱን መሸፈን ነው። ፍሪስታይሉን ለአንድ ሁለት ሳምንት ይተዉ፤ በዚህ ጊዜ ውኃ ውስጥ መራመድ ወይም እጅን ከጎን አድርጎ በጀርባ ተኝቶ እግርን ብቻ መምታት ይቻላል። ተንሳፋፊ ሰሌዳ በተዘረጋ እጅ ይዞ እግር መምታት ግን የታመመውን ትከሻ ያባብሰዋል። ከሁለት ሳምንት በኋላም ካልተሻለ፣ ክንድዎ ከደከመ፣ ወይም ሕመሙ የጀመረው ከወደቁ በኋላ ከሆነ ይታዩ።

የትኛው ዋና ለየትኛው ሕመም?

«ዋና ለጉልበት ጥሩ ነው» ሲባል ሁሉም የዋና ዓይነት ማለት አይደለም። ብዙ ጀማሪዎች ጭንቅላታቸው ከውኃ ውጭ ስለሚቆይ ብሬስትስትሮክን ይመርጣሉ። በዚህ ዋና እግር እንደ እንቁራሪት ተከፍቶ ሲገፋ ጉልበት ወደ ውጭ ይጣመምና በውስጥ በኩል ያለው ጅማት ይወጠራል። ለጉልበታቸው ብለው ዋና የጀመሩ ሰዎች ጉልበታቸው ሲብስባቸው የሚደነግጡት በዚህ ነው። ጉልበት የሚያምዎ ከሆነ ፍሪስታይል ወይም የጀርባ ዋና ይምረጡ።

ለአንገትና ለወገብ ሕመምም ጭንቅላትን ቀና አድርጎ ብሬስትስትሮክ መዋኘት አይስማማም፤ አንገት ወደ ኋላ ይታጠፋል፣ የወገብ አጥንትም ይለመጣል። የጀርባ ዋና ብዙዎቹን ይስማማቸዋል፤ ትንፋሽም አያስቸግርም። ቢራቢሮ ለተባለው ዋና ወገቡን የሚያመው ሰው ባይጠጋው ይሻላል።

ጨርሶ መዋኘት የማይችሉ እናትና አባት ካሉዎት ደረት በሚደርስ ውኃ ውስጥ ወዲያና ወዲህ መራመድ ብቻውን ጥሩ ሕክምና ነው። እንደ ትንሽ ነገር አይቁጠሩት።

ልምምዱን እንዴት ማደራጀት ይቻላል?

በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ከመዋኘት ሦስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት መዋኘት ይሻላል። ስልት የሚለመደው በመደጋገም ነው፤ የደከመ ሰው ደግሞ የሚለማመደው የተበላሸውን ስልት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ሦስት ግማሽ ሰዓቶች 90 ደቂቃ ናቸው፤ ቀሪውን በእግር ጉዞ መሙላት ይቻላል።

የአንድ ቀን ልምምድ ይህን ሊመስል ይችላል። አምስት ደቂቃ ውኃ ውስጥ እየተራመዱ ትከሻን ማሟሟቅ፤ አምስት ደቂቃ የትንፋሽና የመንሸራተት ልምምድ፤ ከዚያ አንድ የገንዳ ርዝመት ዋኝቶ ትንፋሽ እስኪረጋጋ ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ማረፍ፣ እንደገና መዋኘት። በመጀመሪያው ሳምንት ስድስት ጊዜ ይበቃል። በየሳምንቱ አንድ ወይም ሁለት ይጨምሩ እንጂ ዕጥፍ አያድርጉት። መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ በዝግታ በጀርባ ይንሳፈፉ። ከገንዳዎቹ ብዙዎቹ፣ በተለይ የሆቴሎቹ፣ ከ25 ሜትር ያጠሩ ወይም ቅርጻቸው የተጠማዘዘ ስለሆነ ሜትር በመቁጠር አይድከሙ፤ ደቂቃ ይቁጠሩ።

መሻሻልዎን በሰዓት ከመለካት ይልቅ በቀዘፋ ብዛት ይለኩ። አንድ የገንዳ ርዝመት ለመጨረስ ስንት ጊዜ እጅዎ ውኃ ውስጥ እንደገባ በየሳምንቱ ይቁጠሩ። ዛሬ 30 የነበረው ከወር በኋላ 25 ከሆነ በትንሽ ጉልበት ብዙ እየሄዱ ነው ማለት ነው። ቁጥሩ በዚያው ቀን መጨረሻ ላይ በጣም ከጨመረ ደክመዋል፤ የዚያ ቀን ልምምድ አብቅቷል።

ጥረትዎ ልክ መሆኑን ለማወቅ ጠርዝ ላይ ሲያርፉ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር መቻልዎን ይሞክሩ። የልብ ምት መቁጠር ውኃ ውስጥ ያሳስታል፤ ምቱ ከመሬት ይልቅ ዝቅ ይላል። ፕሮፕራኖሎል ወይም አቴኖሎልን የመሰለ የደም ግፊት መድኃኒት ለሚወስድ ሰውማ ምቱ ጨርሶ መለኪያ አይሆንም።

ከመግባታቸው በፊት ሐኪም ማነጋገር ያለባቸው

የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው መዋኘት ይችል እንደሆነ የሚወስነው በሽታው ምን ያህል በመድኃኒት እንደተያዘ ነው። የተፈቀደለትም ቢሆን ብቻውን አይገባም፤ ሕመሙን የሚያውቅና ሊያወጣው የሚችል ሰው አጠገቡ ይኑር። ይህን በሽታ መደበቅ የተለመደ ቢሆንም፣ ለነፍስ አድን ሠራተኛው አለመንገር ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ኢንሱሊን የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ከመግባቱ በፊት ስኳሩን ይለካ፤ ከረሜላ ወይም ጣፋጭ ጭማቂ ጠርዙ ላይ ያስቀምጥ። ውኃ ውስጥ ላብ ስለማይታወቅና መንቀጥቀጡ ከብርድ ጋር ስለሚመሳሰል የስኳር መውረድ ምልክት ሊያመልጥ ይችላል። እግሩ የደነዘዘ ሰው እስከ ጠርዙ ድረስ ነጠላ ጫማ አድርጎ ይሂድ፤ ከወጣ በኋላም በጣቶቹ መካከል አድርቆ እግሩን ይመልከት።

አስም ላለበት ሰው እርጥብ አየር ይስማማዋል፤ ዝግ ገንዳ ውስጥ የሚሸተው ጠንካራ ሽታ ግን ሊቀሰቅስበት ይችላል። ያ ሽታ የንጽሕና ምልክት አይደለም። የሚፈጠረው ክሎሪን ከላብና ከሽንት ጋር ሲቀላቀል ነው። ሁሉም ሰው ታጥቦ ቢገባ ይቀንስ ነበር። ኢንሄለርዎን መቆለፊያ ሣጥን ውስጥ ሳይሆን ጠርዙ ላይ ያኑሩት። የጆሮ ታምቡሩ የተበሳ ሰው ሳይታይ አይግባ። ከዋና በኋላ ጆሮ ውስጥ ውኃ ከቀረ ጭንቅላትን አዘንብሎ ማፍሰስ ነው እንጂ በጥጥ እንጨት መጎርጎር ኢንፌክሽን ይጋብዛል።

ሐይቅ ላይ ለሚዋኙ፦ በጣናና በዝዋይ ዳርቻዎች ቢልሃርዚያ አለ። ተሐዋሲው የሚገባው ውኃ በመጠጣት ብቻ የሚመስላቸው አሉ፤ በጤነኛ ቆዳ በኩል በደቂቃዎች ውስጥ ይገባል። እንዲህ ባለ ውኃ ዋኝተው ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት፣ የሆድ ሕመም ወይም ደም የቀላቀለ ሰገራ ካዩ መዋኘትዎን ለሐኪሙ ይንገሩ። በመድኃኒት ይድናል።

አብረዋቸው ለሚሄዱ ቤተሰቦች

እየሰመጠ ያለ ሰው እንደ ፊልም አይጮኽም፤ እጁንም አያውለበልብም። አፉ ከውኃው በላይና በታች እየተመላለሰ ለመጮህ የሚሆን ትንፋሽ የለውም። ሰውነቱ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ይዘነበላል፣ ወደፊት አይሄድም። «ደህና ነህ?» ብለው ጠርተውት ካልመለሰ አደጋ ላይ ነው። ዋና የማይችሉ ከሆነ ዘለው አይግቡ፤ የሚንሳፈፍ ነገር፣ ነጠላ ወይም ረጅም እንጨት ይዘርጉለት፣ ሰው ይጥሩ። ከወጣ በኋላ የማይተነፍስ ከሆነ ሆዱን እየተጫኑ ውኃ ለማስወጣት ጊዜ አያጥፉ። የጎደለው አየር ስለሆነ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ አድርገው፣ አፍንጫውን ይዘው፣ በአፉ ትንፋሽ መስጠት ይጀምሩ። ከዚያ ደረቱን መጫን ያስከትሉ፤ ሌላ ሰው አምቡላንስ ይጥራ።